አሥረኛዋ ተመዝጋቢ

ጥር 14

ሙሉ ቀን በእማዬ የስፌት ሱቅ ሱሪ ስተኩስ ዋልኩ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትዕዛዝ ነው፤ ሁሉም ሰማያዊ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። እማዬ ትሰፋለች፣ እኔ የተንጠለጠለ ክር እለቅማለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አጥፌ እደረድራለሁ። አሁን ዓይኔን ስጨፍን ሰማያዊ ሱሪ ብቻ ነው የሚታየኝ።

ሻይ ስንጠጣ ደግሞ ተጀመረ።

«እና ባሕር ነው የምትማሪው?»

«ባሕር ነው እማዬ።»

«ዋና ነው?»

«ዋና አይደለም።»

«ዓሣ ማጥመድ?»

«እሱም አይደለም...»

«ታዲያ ውሃውን ቁጭ ብለሽ ልታዪው ነው?»

እንደገና አስረዳኋት። ውሃው እንዴት እንደሚዞር፣ ለምን ከላይ ሞቆ ከታች እንደሚቀዘቅዝ፣ ጨዉ፣ ሞገዱ፣ ውስጡ ያለው ፍጥረት... ሰማችኝ። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ «የሂሳብ መዝገብ አያያዝ እኮ እዚሁ ሰፈር ይሰጣል» አለችና ክሩን በጥርሷ በጥሳ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች።

ምን ላድርጋት? ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ ስሄድ ብቻዋን ልትቀር ነው። ይሄንን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። የምናወራው ግን ስለ ሂሳብ መዝገብ ነው።

ጥር 15

የኮሌጁ አማካሪ ጋ ገባሁ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር የሚያስፈልገኝ ሁሉ ተስተካክሏል አለችኝ። ሂሳብ አለኝ። ኬሚስትሪ አለኝ። ፊዚክስ፣ እግዜር ይስጠው፣ አልፏል። የቀረኝ አንድ ኮርስ ነው፤ «የባሕር ሳይንስ መግቢያ፣ ከላብራቶሪ ጋር»።

ባሕሩ ዳር ያለው ዩኒቨርሲቲ ከኛ ኮሌጅ ጋር ስምምነት አለው። ይሄን ኮርስ «ቢ» እና ከዚያ በላይ አምጥቶ የጨረሰ በቀጥታ ሦስተኛ ዓመት ይገባል። ያላመጣ ደግሞ... ከአንደኛ ዓመት ይጀምራል። እንደ አዲስ! እዚህ የተማርኩት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። እማዬን ደግሞ አውቃታለሁ። ሁለት ዓመት ልሄድ ነው ስላት እንዲህ የሆነች፣ አራት ዓመት ብላት ምን ልትል ነው?

ኮርሱን የሚሰጠው አቶ ጨው ነው። ስሙ አይደለም፣ ተማሪው ያወጣለት ነው። አምና ኬሚስትሪ ሲያስተምረን በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሞቅ ያለ ንጹህ ውሃና ቀዝቃዛ ጨዋማ ውሃ አድርጎ፣ አንዱን ቀይ አንዱን ሰማያዊ ቀብቶ፣ ሳይቀላቀሉ ላይና ታች ሲቀመጡ ያሳየን እሱ ነው። ባሕሩም እንዲሁ ደረጃ ደረጃ አለው አለን፤ እያንዳንዱም በየራሱ መንገድ ይሄዳል። እኔ ባሕር ማለት ዝም ብሎ ብዙ ውሃ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ተያዝኩ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተለቀቅኩም።

ጥር 16

ጉድ ፈላ።

ሬጅስትራር ልመዘገብ ብሄድ፣ መነጽራሟ ሴትዮ «ይሄ ኮርስ መከፈቱን እንጃ» አለችኝ። እኔን ጨምሮ የተመዘገብነው አምስት ነን። አሥር ካልሞላ ይሰረዛል። ጊዜው እስከሚቀጥለው ዓርብ ምሳ ሰዓት ነው።

«ከተሰረዘስ መቼ ይሰጣል?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት። ያኔም ሰው ከተገኘ ነው።»

ባሕር በሌለበት ከተማ ባሕር ልማር የሚል አምስት ሰው ከየት አባቴ ላምጣ?

ጥር 19

ዓይኔን በጨው አጥቤ ወጣሁ። ኮሌጃችን ለማንም ክፍት ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሁሉ አንድ ኮርስ ብቻ መውሰድ ይችላል። ስለዚህ ያገኘሁትን ሁሉ መለመን ነው።

ማስታወቂያም ለጠፍኩ፦ «ሳይረጥቡ ባሕርን ይወቁ!» አንዱ ከሥሩ «መታጠብስ?» ብሎ ጽፎበታል። ባለጌ።

ቀጮ ተመዘገበ። የፊዚክስ ክፍል ጓደኛዬ ነው። የላብራቶሪውን ዕቃ ሴሚስተሩን ሙሉ እኔ ላጥብለት ተስማማን። ፍቅረኛውም ተመዘገበች፣ እሱን ለመጠበቅ። ከማን እንደምትጠብቀው አላውቅም። ከዓሣ?

አጎቴን ለመንኩት። የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፣ ሚኒባስ ይነዳል።

«አንቺ ልጅ፣ መንጃ ፈቃዴን በስንት መከራ እንዳገኘሁ ረሳሽው? ሌላ ፈተና ከምቀመጥ ባሕሩን በጭልፋ ባደርቀው ይሻለኛል።»

ጥር 21

ሰባት ነበርን፣ ስምንት ሆንን! የእማዬ ሱቅ ጎረቤት የሆነው ፀጉር አስተካካይ ገባልኝ። ለካ አቶ ጨውን የሚያስተካክለው እሱ ነው።

«ሰውየው ወሬውን ሁሌ መሃል ላይ ነው የሚያቋርጠው» አለኝ። «ባለፈው ዓሣ ነባሪዎቹ ወደ ሰሜን ጉዞ ሊጀምሩ ሲሉ ፀጉሩ አለቀ። ሊመለጥ ትንሽ ነው የቀረው፤ ቶሎ ነው የሚያልቀው። የት እንደደረሱ ሳላውቅ ከምሞት እመዘገባለሁ።»

ጥር 22

ጡረታ የወጡት የሰፈራችን ፖስተኛ ተመዘገቡ። «ዕድሜዬን ሙሉ በእግሬ ዞርኩ፣ አሁን ቁጭ ብዬ ልዙር» አሉ። ዘጠኝ!

ጥር 24፣ ዓርብ

ጠዋትም ያው ዘጠኝ ሰው ነን። አንድ ሰው ጠፋ! ካፍቴሪያው ውስጥ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞርኩ። አንዱ «ፈተና አለው?» አለኝ። አለው ስለው ሻዩን ይዞ ቦታ ቀየረ። የበር ዘበኛውን ለመንኩ። «እኔ ክፍል ከገባሁ በሩን ማን ይጠብቃል?» አለኝ። እውነቱን ነው።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ እግሬን እየጎተትኩ ሬጅስትራር ገባሁ። መነጽራሟ ቀና አለችና «ሞላ እኮ» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ኮርስሽ ነዋ! አሁን አንዲት ሴት ተመዘገቡ።»

ዞር ስል... እማዬ። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንዳለ፣ መርፌዋ ደረቷ ላይ እንደተሰካ። የሱቁን በር በቅጡ መዝጋቷንም እንጃ።

«ምን ታፈጪብኛለሽ?» አለችኝ። «ልጄን የሚወስድብኝ ነገር ምን እንደሆነ ልወቀው ብዬ ነው።»

«የሂሳብ መዝገቡስ?»

«እሱን በኋላ እናወራለን። ነይ አሁን፣ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኛል።»

አቀፍኳት። መርፌው ወጋኝ። ይውጋኝ።

የካቲት 4

የመጀመሪያ ክፍል። እማዬ የሰው ሠርግ የምትሄድበትን ቀሚስ ለብሳ መጣች። «ከኋላ እንቀመጥ» ብላት «ከኋላ ለመቀመጥማ ቤቴ እቀመጥ ነበር» ብላ ፊት ለፊት። ምን ይደረጋል? አጠገቧ ተቀመጥኩ።

አቶ ጨው ገና «ባሕር ማለት...» ብሎ ሳይጨርስ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ጨዉ ከየት መጣ?»

ጠረጴዛ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝ። አቶ ጨው ግን ጠመኔውን አስቀመጠ። ፊቱ በራ።

«እትዬ፣ ይሄን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነው ፀጉሬ ያለቀው» አላት።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው? ዝናቡ ድንጋዩን እያጠበ፣ ወንዙ እየተሸከመ፣ ከባሕሩ ወለል ሥር ትኩስ ውሃ እየፈላ... ሰዓቱ እስኪያልቅ ጨው ብቻ። ፀጉር አስተካካዩ «ዛሬ እንኳ ሳይቆረጥ ሰማሁ» እያለ ወጣ።

ግን... ላብራቶሪው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚሠራው። የጥንዱ ውጤት አንድ ነው፤ ከጠቅላላው ግማሹን ይይዛል። አቶ ጨው እኔንና እማዬን እያየ ፈገግ አለ። «እናትና ልጅማ ማን ይለያችኋል!» ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ውስጤ ግን... ለራሴ እንኳ እውነቱን ልጻፍ እንጂ። ደነገጥኩ። የኔ «ቢ» ግማሹ እማዬ እጅ ላይ ወደቀ።

የካቲት 13

እማዬ የቤት ሥራዋን ከእኔ ቀድማ ጨረሰች። አልወደድኩትም።

የካቲት 22

የዛሬው ላብራቶሪ ያ የብርጭቆው ሙከራ ነበር። እኔ አምና ያየሁትን ዛሬ በራሳችን እጅ። እማዬ ሞቅ ያለውን ቀዩን ውሃ በጨዋማው ላይ በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው፤ እጇ ምንም አይንቀጠቀጥም። ሰማያዊው ታች ቀረ፣ ቀዩ ላይ ተኛ። መሃላቸው እንደ ተሰመረ መስመር።

ጎንበስ ብላ አየችው። ብዙ ቆየች።

«እና ባሕሩ ውስጥም እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው።»

«ላዩን ብቻ አይቶ ምንም አይታወቅማ!»

ይሄን ብቻ ነው ያለችው። እኔ ግን ደስታዬ ወሰን አጣ። ስንት ጊዜ ሳስረዳት ያልገባት ነገር በአንድ ብርጭቆ ገባት። ወይስ እኔ ነኝ ማስረዳት የማልችለው?

መጋቢት 5

አዲስ ሥራ። እያንዳንዱ ጥንድ የፕላንክተን መረብ ሊሠራ ነው። ፕላንክተን ማለት ውሃው ወደ ወሰዳቸው የሚሄዱ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው፤ አብዛኞቹ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። መረቡ ከወንፊት የሳሳ ጨርቅ ነው፤ አፉ ሰፊ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ፣ ጫፉ ላይ ጠርሙስ የታሰረበት። ከኋላ እየጎተቱት ሲሄዱ ውሃው በጨርቁ ያልፋል፣ እነሱ ጠርሙሱ ውስጥ ይቀራሉ። ባሕር ስለሌለን ከከተማው ውጪ ያለው ግድብ ላይ እንሞክረዋለን። እሱም ፕላንክተን አያጣም።

እማዬ ስፌት የሚለውን ቃል ስትሰማ ቀና አለች። «ይሄማ የኔ ነው። አንቺ እጅሽን እንዳታስገቢ።»

እሺ። ለሷ ለቀቅኩ። ከኛ ክፍል የልብስ ስፌት ባለሙያ ያለው ማን አለ? ቀጮን አየሁትና በኩራት ጎረርኩበት።

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ክፍሉ ሁሉ በአጎቴ ሚኒባስ ግድቡ ጋ ሄድን። እማዬ መረቡን በፎጣ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። ሳምንቱን ሙሉ አላሳየችኝም። «ሲያልቅ ታዪዋለሽ» ብቻ። ስትገልጠው ሁሉም «ኡ!» አለ። የነቀጮ መረብ የተቀደደ ካልሲ ይመስላል። የኛ... ነጭ፣ የተተኮሰ፣ ስፌቱ የማይታይ፤ አፉ ዙሪያውን በሰማያዊ ክር ሞገድ ተጠልፎበታል። አቶ ጨው ራሱ «ይሄማ ውሃ ባይነካው ይሻላል» አለ።

ከትንሿ ጀልባ ላይ ጣልነው። አቶ ጨው ከእኔና ከእማዬ ጋር ነው፣ ቀጮ ይቀዝፋል። ጎተትን... አይጎተትም! መረቡ አበጠ። ውሃ ውስጥ እንደ ዣንጥላ ተከፍቶ ጀልባዋን ጨምድዶ ያዛት። ቀጮ ወደ ፊት ይቀዝፋል፣ ጀልባዋ እዚያው። አጎቴ ዳር ላይ ቆሞ «እጅ ፍሬኑን ፍቱት!» እያለ ይጮሃል። የአፉ ሽቦ ተጣመመ። ተረባርበን ስናወጣው እንደ በርሜል ውሃ ሞልቶ ወጣ። ጠርሙሱን ዳር ላይ በተተከለው ማይክሮስኮፕ አየነው። ባዶ በሉት።

አቶ ጨው እጁን መረቡ ውስጥ ከተተ። ዳበሰ። ገለበጠው።

«እትዬ... ይሄ ከውስጥ ያለው ሁለተኛው ጨርቅ ምንድነው?»

እማዬ ደረቷን ነፍታ፦ «ገበር ነዋ!»

«ገበር?»

«ታዲያስ! ያለ ገበር ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ያውም ለትምህርት ቤት!»

ገበሩ ጥቅጥቅ ያለው የኪስ ጨርቅ ነው። ውሃ በየት በኩል ይለፍ? ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ፖስተኛው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። መጀመሪያ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አቶ ጨው ከስማችን አጠገብ ዜሮ ሲጽፍ አየሁት። ላለመጻፍ ፈልጎ ነበር፣ ያስታውቃል። ግን ምን ይጻፍ? የሌለ ነገር ተይዟል ይበል?

በዚህ ዜሮ «ቢ» አይታሰብም።

መጋቢት 15

ክፉ ተናገርኩ። «ምናለ ባትመዘገቢ ኖሮ» አልኳት።

እሷ ባትመዘገብ ኮርሱም አይኖርም ነበር። ይሄን እያወቅኩ! ምን ነካኝ?

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እውነትሽን ነው» ብላ ወደ ሱቅ ወረደች።

መጋቢት 17

ይደገምልን ልል አቶ ጨው ቢሮ ሄድኩ። ሳልጨርስ «እናትሽ ጠዋት መጥተው ነበር» አለኝ።

«ለምን?»

«ኮርሱን ልተው፣ ልጄ ብቻዋን ትሥራ ነው ያሉት። እስከ ነገ ያስቡበት ብዬ መለስኳቸው።»

ቅዳሜ ሊያስደግመን ፈቃደኛ ነው። «መሳሳትማ የትምህርቱ አካል ነው» አለ። ግን ጥንድ ሆነን ከመጣን ብቻ።

በሩጫ ሱቅ ደረስኩ። እማዬ የአንዲት ደንበኛ መጋረጃ እየለካች ነበር። ሴትዮዋ እስክትሄድ አንድ ጥግ ቆምኩ።

«ትተሽ ልትወጪ ነው?»

«ያንቺን ዕድል እያበላሸሁ ልቀመጥ? እኔ የማውቀው መርፌ ነው።»

«ያለ አንቺ አይሆንም። ጥንድ ጥንድ ነው፣ ሕጉ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሕጉ ስለሆነ ነው?»

«አይደለም... ስላስቀየምኩሽ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ደግሞ አንቺ ስትጠይቂ ነው ለኔም የሚገባኝ። እኔ እንዳላፍር ብዬ የማልጠይቀውን ሁሉ አንቺ ትጠይቂዋለሽ።»

ሜትሩን ጠቀለለች። ፈታች። እንደገና ጠቀለለች።

«በይ ያንን ትንሹን መቀስ አቀብዪኝ» አለች።

እኔ ከአፉ በኩል፣ እሷ ከጫፉ በኩል፣ ገበሩን ተረተርነው። ሲወልቅ መረቡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ በማዘን አየችው። «ራቁቱን ቀረ፣ ምስኪን።» ሁለታችንም ሳቅን። አጎቴ ሽቦውን በፒንሳ አቃናው፤ እንደ እንቁላል ሆነ እንጂ ክብ አልሆነም። ይሁን።

መጋቢት 21፣ ቅዳሜ

ሠራ! ሠራ ሠራ ሠራ!

ጀልባዋ ላይ እማዬ ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እኔ እየቀዘፍኩ። መረቡ እንደ ዓሣ ተከተለን። ስናወጣው ውሃው ከጨርቁ እየተንጠባጠበ አለቀ፤ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ግን ደፍረስ ያለ ነው። ስናነሳው ውስጡ ይርመሰመሳል!

ማይክሮስኮፑን መጀመሪያ እሷ ትየው አልኩ። አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ «ውይ!» ብላ ወደ ኋላ አለች።

«ምን አየሽ?»

«አንዲት... አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላት። ግራና ቀኝ ሁለት ዘንቢል ተሸክማለች። ከገበያ የምትመለስ ነው የምትመስለው!»

አቶ ጨው አየ። «ዘንቢል አይደለም እትዬ። እንቁላሎቿ ናቸው። እስኪፈለፈሉ ድረስ ይዛቸው ነው የምትዞረው።»

እማዬ እንደገና ጎነበሰች። ድምጿ ተለወጠ።

«ይሄን ሁሉ ተሸክማ... ውሃው ወደ ወሰዳት?»

«ውሃው ወደ ወሰዳት።»

«እና ሲፈለፈሉስ?»

«ይሄዳሉ።»

ቆጥረን፣ ሥለን፣ ጽፈን ስንጨርስ ጠርሙሱን ልደፋው ስል እጄን ያዘችኝ። ራሷ ተሸክማ ወርዳ እዚያው ግድቡ ውስጥ ቀስ አድርጋ መለሰቻቸው። አጎቴ «ደህና ግቡ በያቸው» እያለ ያሾፍባታል። አልሰማችውም።

ሚያዝያ 9

መጋረጃ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ ሳይማር አይወጣም። ዛሬ አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ልትለካ ቆማ፣ እማዬ አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ «ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ግማሽ የሚሆነውን የሚሠሩልን እነዚያ ጥቃቅኖቹ ናቸው፣ ታውቂያለሽ?» ትላታለች። ሙሽራዋ «አላውቅም» አለች። «እንግዲህ ዕወቂ፣ ባልሽንም ንገሪው።»

ግንቦት 12

ነገ የመጨረሻ ፈተና። እማዬ ሱቁ ላይ «ለጥናት ዝግ ነው» ብላ ለጠፈች።

ግንቦት 21

ቢ ፕላስ!!!

እማዬ ሲ። ውጤቱ ከተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ወገቧን ይዛ ቆመች። አዝና ነው ብዬ ላጽናናት ስጠጋ፣ «ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ ያመጣሁት ከዚህ ያነሰ ነበር፤ አሻሽያለሁ» አለችኝ። ፀጉር አስተካካዩም አለፈ። ዓሣ ነባሪዎቹ ለካ ወደ ሰሜን ደርሰው ተመልሰዋል።

ሐምሌ 3

ተቀብለውኛል። ሦስተኛ ዓመት! ኢሜይሉን ካፍቴሪያው ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ ጮህኩ መሰለኝ፣ ሰዉ ሁሉ ዞረ።

ቤት ስደርስ እማዬ ከፊቴ አወቀች። ምንም ሳልናገር እልል አለች። አቀፈችኝ፣ ሳመችኝ፣ እንደገና አቀፈችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ደስ ብሎኛል» አለች። «ከፍቶኛልም። አንዱን ብቻ ነው ብዬ አልዋሽሽም።»

እኔም እንዲሁ ነኝ። ስለ ሂሳብ መዝገብ ማንም አላነሳም።

መስከረም 20

ባሕር።

ምን ብዬ ልጻፈው? ሰፊ ነው። አይጠቅምም፣ ሰፊ ነው ብሎ መጻፍ አይበቃውም። ነገ እሞክራለሁ።

ትናንት ደረስን፣ አጎቴ ነው ያመጣን። የመኝታ ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት አልጋ፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ የሚንቋቋ በር። እማዬ ገብታ መጀመሪያ ያየችው መጋረጃውን ነው። «አጥሯል» አለች። ከዚያ ወደ ዳር ወረድን።

በዕድሜዋ አይታው አታውቅም። እኔም አላየሁትም፤ ግን እሷን ነበር የማየው። ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። ጣቷን ነክራ ቀመሰች። አጠገባችን አይስክሬም የሚሸጥ ሰውዬ «ደስ ይላል አይደል እትዬ?» አላት። «ጨዉ ትንሽ በዛ ያለ ነው። ጨዉን የሚያቀጥን ወንዝ በዚህ በኩል አይገባም መሰለኝ» አለችው። ሰውየው ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። አጎቴ በሳቅ ሊወድቅ።

ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ለዚህስ ይኬዳል» አለች።

ዛሬ ጠዋት ሊመለሱ ሆነ። እኔ ተዘጋጅቻለሁ። መሐረብ ይዣለሁ፣ እሷ ስታለቅስ የምላትን ሁሉ አስቤአለሁ። አይዞሽ፣ ለእረፍት እመጣለሁ፣ በየቀኑ እደውላለሁ... አላለቀሰችም። ኮሌታዬን አስተካከለች፣ ግንባሬን ሳመችኝ፣ «ቁርስ ሳትበዪ ጀልባ ላይ እንዳትወጪ» ብላ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ሚኒባሱ ሲነሳ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ በጣቷ ወደ ባሕሩ እያሳየች ለአጎቴ አንድ ነገር ታስረዳው ነበር። ታጥፈው ሄዱ።

እኔ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሁሉ ዝግጅት... መሐረቡ ለራሴ ዋለ። የግቢው ዘበኛ «መጀመሪያ ሁሉም እንዲህ ነው» አሉኝ።

ዓመቱን ሙሉ የምሄደው እኔ መስሎኝ ነበር። እሷ ናት የሄደችው። የቀረሁት እኔ ነኝ።

መስከረም 25

የመጀመሪያው የጀልባ ቀን። ቁርስ በልቼ ወጣሁ፣ ቁርሴን ለባሕሩ መለስኩለት። ግን ሳስመልስም ደስ እያለኝ ነበር፤ ሰው እንዲህ ይሆናል? ከአርባ ሜትር በታች ያለውን ውሃ ስንቀዳ ጠርሙሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። እጅ ያደነዝዛል፣ እንደዚያ ይቀዘቅዛል።

ይሄን ልነግራት ደወልኩ። ከሄደች ጀምሮ አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ነበር፤ ዛሬ ደፍሬ ጠየቅኳት።

«እማዬ... ቤቱ ጭር አለብሽ?»

«ኧረ የት ጭር ይላል! ሰው ሞልቷል።»

«የምን ሰው?»

«የክፍል ጓደኞቼ ናቸዋ! ፀጉር አስተካካዩ አለ፣ ፖስተኛው አሉ፣ የቀጮ ፍቅረኛ አለች። ዘንድሮ ድንጋይ ነው የምንማረው። ነገ ፈተና አለን።»

«አልነገርሽኝም እኮ!»

«መቼ ጠየቅሽኝና? ቆይ አንዴ...» ከስልኩ ራቅ ብላ «እሳተ ገሞራውን እንዳታልፉብኝ፣ መጣሁ!» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ተመለሰች። «የኔ ልጅ፣ ውሃውን ነገ ትነግሪኛለሽ። አሁን እያጠናን ነው።»

ዘጋችብኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ እኔም ደብተሬን አውጥቼ ማጥናት ጀመርኩ።